ትንሹ ጥቅል

«አሁንም ሦስቷን ረሳሻት» አለች መድና፣ ስልኩን ከግራ ጆሮዋ ወደ ቀኝ እያዛወረች። «ሁለቱንም ጎን ለሦስት አካፍዪ። ኤክስ ለብቻዋ ትቅር።»

ከወግዲ በኩል እርሳስ ወረቀት ሲጭር ተሰማ። ሰብሌ ስታስብ ትንፋሿ ወደ ስልኩ ይጠጋል።

«ሰባት?»

«ሰባት። አየሽ፣ ዝም ብለሽ ነው የምታካብጂው።»

ሰብሌ ሳቀች። ሌላ ጥያቄ ልታነብ ገጽ ስትገልጥ የግቢው የቆርቆሮ በር ተንገጫገጨ። መድና ከተቀመጠችበት የድንጋይ ካብ ብድግ አለችና «በቃ፣ ነገ» ብላ ዘጋች። አባቷ ከአስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት ሲመለሱ በሩን ሁለት ጊዜ ይገፉታል፤ በመጀመሪያው ተከፍቶ አያውቅም። ሁለተኛው ግፊት እስኪመጣ የሰብሌን ቁጥር ከተደወለባቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ አጠፋችው። ከዚያ በጓሮ በር ገብታ ስልኩን አባቷ ባስቀመጡበት መስኮት ላይ፣ እንዳስቀመጡት በፊቱ ደፍታ መለሰችው።

መድና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ሸህ ጀማሉዲን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ልጆችን ቁርአን ያቀራሉ። ስልካቸውን መስጊድ ይዘው አይሄዱም፤ ሶላት መሀል ቢጮህብኝስ ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ በቀን ውስጥ ስልኩ ቤት የሚውልባቸው ሰዓቶች አሉ። መድና እነዚያን ሰዓቶች በቃሏ ታውቃቸዋለች።

ሰብሌና መድና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የተቀመጡት። በጥር ወር የሰብሌ አባት፣ የግብርና ባለሙያ ናቸው፣ ወደ ወግዲ ተዛወሩና ቤተሰቡ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄደ። የትምህርት ዓመቱ ገና አጋማሽ ላይ ነበር። በአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ሁሉ ጓደኛቸውን ይዘው ጨርሰዋል። የሂሳብ አስተማሪው ይቸኩላል። ሰብሌ ሌላውን ትምህርት ትወጣዋለች፤ ሂሳብ ግን ድሮም መድና ጎኗ ተቀምጣ በክርኗ እየጎሸመች ካላሳየቻት አይገባትም። ሰኔ ላይ ደግሞ ልጆቹ ሚኒስትሪ የሚሉት የክልሉ ፈተና አለ። ሰብሌ በሄደች በሁለተኛው ሳምንት በእናቷ ስልክ ደውላ አለቀሰች። መድና «አብሽሪ፣ እኔ እደውልልሻለሁ» አለቻት። ያን ጊዜ በምን እንደምትደውል አላሰበችም ነበር።

በምን እንደምትደውል ያገኘችው በኋላ ነው። አባቷ ስልኩን የገዙ ዕለት ያለው የሚባለው ባለ ሱቅ «እርስዎ ሰው የበዛልዎ ሰው ነዎት» ብሎ ትልቁን የወር ጥቅል አስገባላቸው። ጥቅል ማለት የአንድ ወር ደቂቃ አስቀድሞ መግዛት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ የተረፈው ደቂቃ አብሮ ይጠፋል። ያባቷ መቶ ሃምሳ ደቂቃ ነበር። ቀሪ ሂሳቡ ሲጠየቅ መልሱ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ በየወሩ መጨረሻ ከመቶ ሃያ በላይ ደቂቃ ሳይነካ ሲጠፋ አይታለች። ማንም የማይፈልገው ነገር ነው፤ እሷ ብታነሳው ከማንም አይጎድልም። ለራሷ እንዲህ ብላ ነግራ ጀመረች። አባቷን ለማስፈቀድ ግን አንድም ቀን አፏን አልከፈተችም። ምናልባት እምቢ እንዳይሏት ፈርታ፣ ምናልባትም ከጀመረች በኋላ መጠየቁ ከብዷት ይሆናል።

በመጋቢት ወር አንድ ቀን ማታ አባቷ ከራት በፊት ስልኩን አምጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከያለው ሱቅ ነበር የመጡት። ትንሽ ለሚናገር ሰው የሚሆን አዲስ ጥቅል መጥቷል፣ ዋጋውም ከትልቁ በብዙ ያንሳል ብሏቸዋል። ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሸህ ጀማሉዲን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያሳሰባቸው። የተገዛ ነገር ሳይበላ መድፋት ኢስራፍ፣ ብክነት ነው፤ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ እንኳ ሲተርፍ ደፍተው አያውቁም፣ ጎመኑ ላይ ነው የሚያፈሱት። እስከ ዛሬ በወር ስንት ደቂቃ እንደሚናገሩ አስበው አለማወቃቸው አሳፍሯቸዋል።

«እስቲ እይልኝ» አሏት። «ስንት ተናግሬያለሁ?»

መድና ኮከቡንና ቁጥሮቹን መታች፣ በመሰላሉ ዘጋች፣ መልሱን ጠበቀች። ከመቶ ሃምሳው የቀረው ሠላሳ ነበር። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

እውነቱን ብትናገር ትንሹ ጥቅል ይገባል፣ የሰብሌም ነገር ያበቃል። ውሸት ደግሞ አባቷ ፊት መናገር አትችልም። እናም ከሁለቱ መሀል የቆመ ቃል አገኘች።

«መቶ ሃያው ሄዷል።»

«መቶ ሃያ?» አሉ ሸህ ጀማሉዲን። ስልኩን ተቀብለው እንደሚያነቡት ሁሉ አዩት። «መቶ ሃያ ደቂቃ ሙሉ?»

«አዎ አባ።»

ማን እንደተናገረው አልጠየቋትም። ማንን ይጠረጥራሉ? ስልኩ የሳቸው ነው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እናቷ ዞሩ። እናቷን ቤተሰቡም ጎረቤቱም እቴቴ ነው የሚላት። ለእቴቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንደበታቸው ይህን ያህል መርዘሙን ሳያውቁት መክረማቸውን ነገሯት። ልጆችን ሲያቀሩ የነገር ብዛት ልብ ያደርቃል የሚሉ ሰው ራሳቸው በስልክ መቶ ሃያ ደቂቃ! እቴቴ ብዙም አላስጨነቃት፤ ሰው ቢያወራ ምን አለ ብላ ወጡን ልታወርድ ተነሳች። እሳቸው ግን ወስነው ነበር። የሚቀጥለው ወር ትልቁ ጥቅል ይግባ፣ ያ እስኪያልቅ ግን አንደበታቸውን ገተው ይለማመዳሉ፤ ከቻሉ ከዚያ በኋላ ወደ ትንሹ ይወርዳሉ።

መድና የዚያን ዕለት ራቷን በደንብ በላች። ክፉ ነገር የደረሰ አልመሰላትም።

የመጣውን ያየችው ጁምዓ ዕለት ነው።

ሸህ ጀማሉዲን ወጣት ሳሉ ማሻ አጠገብ ባለ መንደር ሸህ መሐሙድ ከሚባሉ ሰው ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ቁርአንና ኪታብ ቀርተዋል። ያወቁትን ሁሉ ያወቁት ከሳቸው ነው። ሸህ መሐሙድ አሁን አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ከቤት ብዙ አይወጡም። ከመካነ ሰላም ማሻ ለመድረስ ደግሞ መኪና መለዋወጥና በዚያ መንገድ ቀኑን ሙሉ መናወጥ አለ፤ በዓመት አንዴ ቢሳካ ነው። ስለዚህ ሸህ ጀማሉዲን በየሳምንቱ ጁምዓ ሰግደው እንደተመለሱ ይደውላሉ። የሸህ መሐሙድ የልጅ ልጅ ቀመር አንስታ ታቀብላቸዋለች። ሰላምታው ብቻ አንድ ደቂቃ ያልፋል፤ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠያየቃሉ። ከዚያ ሸህ ጀማሉዲን በሳምንቱ ሲያነቡ የከበዳቸውን አንድ ነገር ይጠይቃሉ። መልሱን በእርሳስ ከኪታቡ ጠርዝ ላይ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋሉ። ሸህ ጀማሉዲንም ስልኩን በግራ እጃቸው ይዘው ቀኝ መዳፋቸውን ብቻ ዘርግተው አሚን ይላሉ። ስድስት ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። የወሩ ንግግራቸው ከሞላ ጎደል ያ ነበር።

በዚያ ጁምዓ ስልኩን ከመስኮቱ አነሱ፣ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ፣ ኪታቡን ገለጡ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ስልኩን መልሰው በፊቱ ደፉትና ብቻቸውን ማንበብ ጀመሩ። እቴቴ ዛሬ አይደውሉም ወይ ብትላቸው ሸሁን በየሳምንቱ ማድከም ጥሩ አይደለም አሉ። መድና ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ቀና አላለችም።

በሁለተኛውም ጁምዓ እንዲሁ ሆነ። ለውጡ ደግሞ በስልክ ብቻ አልቀረም። መንገድ ላይ ሰው ሲያቆማቸው ሰላምታውን አሳጥረው ያልፋሉ። ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው ጥቂት ተቀምጠው ይነሳሉ። ቤት ውስጥ ድሮ ከራት በኋላ የልጅነት ዘመናቸውን ያወሩ ነበር፤ ኪታብ የቀሩበትን መንደር፣ ሲርባቸው ከእርሻ የሚለቅሙትን ሽምብራ። አሁን ያንንም ተዉ። እቴቴ አሟቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «ደህና ነኝ፣ ዝም ማለት እየተማርኩ ነው» አሏት፤ ፈገግ ብለው ነበር፣ ፈገግታው ግን የሳቸው አልመስል ብሎ መድናን ረበሻት።

ልትነግራቸው አሰበች። ሁለት ቀን ሙሉ አሰበች። በሦስተኛው ቀን ሰብሌ ጋ ስትደውል ሰብሌ ገና ሄሎ ሳትባል መናገር ጀመረች። የሂሳብ ፈተና ተመልሷል፤ ከሃያ አሥራ አራት አግኝታለች። በየካቲት መጀመሪያ ስድስት ነበረች። አስተማሪው ስሟን ጠርቶ አስነስቷታል፤ ከኋላዋ የምትቀመጥ በዛች የምትባል ልጅ ደግሞ ደብተሯን ለመገልበጥ ለምናታለች፣ እረፍት ላይም አብረው ተቀምጠዋል።

«ጓደኛ አገኘሽ በይኛ» አለች መድና።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻት፣ ይመችሽ። ደግሞ አባትሽን አመስግኚልኝ። ስልካቸውን ባይፈቅዱልሽ ኖሮ እስካሁን እንደዜሮ ነበርኩ። በኔ ስም ጀዛከላህ በያቸው፣ እሺ?»

መድና እሺ አለች። ይህንንም አስቀድማ ዋሽታ ነበር፤ በጥር መጨረሻ ሰብሌ ስትጠይቃት፣ አባ ራሳቸው ደውዪላት አሉኝ ብላ ነበር። ሰብሌ በየጊዜው ታመሰግናቸዋለች። መድና በየጊዜው እሺ ትላለች። ያን ቀን ስልኩን ስትዘጋ ቀሪውን አየችው። አባቷ ስለማይደውሉ ከወትሮው ብዙ ደቂቃ ተርፎ ነበር።

ሦስተኛው ጁምዓ አለፈ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሸህ ጀማሉዲን በግቢው ጫፍ ባለችው ዳስ ልጆቹን እያቀሩ ሳለ ስልኩ መስኮቱ ላይ ጮኸ። መድና አነሳችው። የደወለችው ቀመር ነበረች። ከመድና በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ተገናኝተው ባያውቁም ድምፃቸውን ይተዋወቃሉ።

ቀመር ሰላምታውን እንደጨረሰች ቀስ ብላ ጠየቀቻት። ሸህ ጀማሉዲን ታመው ነው ወይስ ምን ሆነው ነው?

ደህና ናቸው አለቻት መድና።

ቀመር የአያቷን ነገር ነገረቻት። ሽማግሌው ጁምዓ ሲደርስ ከሶላት መልስ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ደጃፍ ይቀመጣሉ። ምሳ ሲቀርብላቸው፣ ሲደወል አፌ እንዳይሞላ ብለው ያቆዩታል። የአስር ሶላት እስኪደርስ እንዲሁ ይቀመጣሉ። ባለፈው ጁምዓ ባትሪው አልቆ ይሆናል ብለው እንድታየው ሁለት ጊዜ ጠሯት፤ ሙሉ ነው ብትላቸውም አላመኗትም። ትናንት ግን ምንም አላሉም። ማታ ላይ ብቻ፣ በመጨረሻ በተነጋገሩ ጊዜ የተናገሩትን ቃል በቃል እያነሱ ምን ብዬው ይሆን ብለው ሲያስቡ አመሹ።

«‹ጀማል የሚቀየም ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ የበደልኩት› ነው የሚሉት» አለች ቀመር። «‹አፉ ይበለኝ በይልኝ› ብለውኛል። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም። ከቻልሽ ንገሪያቸው።»

መድና እነግራቸዋለሁ አለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች። ከዳሱ የልጆቹ ድምፅ እየተንጫጫ ይመጣል፤ በመሀል የአባቷ ድምፅ አንዱን እየነጠለ ያርማል። የቀመርን መልእክት ብቻ ማድረስ ትችላለች። አባቷ ይደነግጣሉ፣ ይደውላሉ፣ ሽማግሌው ይረጋጋሉ። ከዚያ ግን አባቷ ምን ይሏቸዋል? አንደበቴ ረዝሞብኝ ነው ይሏቸዋል። ሸህ መሐሙድም ያምናሉ። ሁለት ሰዎች ያልሆነ ነገር ያምናሉ፣ እሷ መሀል ቆማ እያየች።

የጥሪውን ዝርዝር ከፈተች። የሰብሌ ቁጥር አንድም ቦታ የለም፤ ሁሉንም አጥፍታዋለች። ስልኩን አሳይታ የምታመልጥበት መንገድ አልነበረም። በአፏ መናገር ነበረባት።

ልጆቹ የእንጨት ሉሃቸውን እየያዙ እስኪወጡ ጠበቀች። ሸህ ጀማሉዲን ምንጣፉን እያጠፉ ነበር።

«አባ፣ ከሸህ መሐሙድ ቤት ተደውሎ ነበር።»

ምንጣፉን ለቀቁት። «ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።» ድምፅዋ እንዳይጠፋባት ፈጠን አለች። «ለምን እንዳልደወሉ አላወቁም። ጀማል ተቀይሞኝ ይሆናል፣ አፉ ይበለኝ ብለዋል።»

«እሳቸው እኔን አፉ በለኝ?» ሸህ ጀማሉዲን ቁጭ አሉ። ስልኩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

መድና አልሰጠቻቸውም።

«ከመቶ ሃያው ደቂቃ አብዛኛውን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ በወር ሠላሳ እንኳ አይሞላዎትም። ሰብሌ ጋ ነው የምደውለው። ሂሳብ አሳያታለሁ። እርስዎ መስጊድ ሲሄዱ።»

አባቷ እጃቸውን መለሱ።

«ያን ቀን መቶ ሃያው ሄዷል ስትይኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ደቂቃውስ ይሁን። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» አሉ። አልጮሁም። «ሦስት ጁምዓ ሙሉ ስልኩን አንስቼ ስመልሰው ታዪኝ ነበር?»

«አይዎት ነበር።»

ሌላ አልጠየቋትም። መድና ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የሚቆጣ ሰው ይጨርሳል። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ደውዪ» አሏት። «እኔ አይደለሁም የምነግራቸው። አንቺው ንገሪያቸው።»

እዚያው ዳሱ ውስጥ ደወለች። ቀመር አነሳች፣ ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ። የሽማግሌው ድምፅ ሩቅና ቀጭን ነበር። ማን ልበል አሉ። የሸህ ጀማሉዲን ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰብሌን፣ ጥቅሉን፣ አባቷ ጥፋቱ የሳቸው መስሏቸው ዝም ማለታቸውን። አንዳንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገሟት፣ ጆሯቸውም ደክሟል። በሁለተኛው ጊዜ መናገሩ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ይሰማሉ።



«እንግዲያ ጀማል አልተቀየመኝም» አሉ ሽማግሌው ስትጨርስ።

«አልተቀየሙዎትም። አፉ ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሸህ መሐሙድ፤ ደግመውም አሉት። ስለ ስልኩና ስለ ደቂቃው አንዲት ቃል አልተናገሩም። የጠየቋት ሌላ ነበር። «ያችስ ልጅ፣ ሂሳቡ ገባት?»

«እየገባት ነው።»

«ኸይር ነው። አፉ ብዬሻለሁ። በይ አባትሽን አቅርቢልኝ።»

ሸህ ጀማሉዲን ስልኩን ተቀብለው ወደ ጓሮ ወጡ። የተናገሩትን አልሰማችም። ግን ባሕር ዛፎቹ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ፣ አንዴ ቆመው ሲስቁ፣ አንዴ ደግሞ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየች። ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆዩ።

ከእሷ ጋር ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። ክፉ ቃል አልተናገሯትም፣ አልከለከሏትምም። ብቻ ስልካቸው ላይ መልእክት ሲመጣ እንድታነብላቸው መጥራት ተዉ። አንድ ቀን የመጣላቸውን መልእክት ይዘው ያለው ሱቅ ድረስ ሄደው ሲያስነብቡ አየቻቸው። ቤት ውስጥ እሷ እያለች። መድና ሰብሌ ጋ መደወል አቆመች። ሰብሌ ሁለት ጊዜ ሚስኮል አደረገች፤ አልመለሰችላትም።

የጥቅሉ ወር ባለቀበት ቀን ሸህ ጀማሉዲን ከቁርስ በኋላ ጠሯት። ስልኩንና የካርዱን ገንዘብ በእጇ አስያዟት። ገንዘቡ የትልቁ ጥቅል ነበር።

«ያለው ዘንድ ሂጂ» አሏት። «የኔን ታውቂዋለሽ። ያንቺን ጨምሪበትና የሚበቃንን አስገቢ። ትልቁ ከሆነ ትልቁ ይሁን። ፈቅጃለሁ።»

መድና መንገዱን ሙሉ ስታሰላ ሄደች። የአባቷ ጁምዓ ከዚያ ወዲህ አሥር ደቂቃ ደርሷል፤ በወር ቢበዛ አምስት ጁምዓ ነው። ሃምሳው ለሳቸው ልክ ነው፣ ለሌላ የሚተርፍ የለውም። በትልቁ ግን ሰብሌን በየቀኑ ማግኘት ትችላለች፣ ያውም ቁጥር ሳታጠፋ፣ የበሩን ድምፅ ሳትጠብቅ። ፈቅጃለሁ ብለዋል። ማንም ምንም አይላትም።

ያለው ሱቅ ደጃፍ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል። ስልኩን ተቀብሎ፣ ሸሁ ወሰኑ ወይ አላት። እኔ እንድመርጥ ነው የላኩኝ ብትለው ሳቀ፤ ዘንድሮ የምታዙት እናንተ ናችሁ አለ። ከዚያ፣ አንዴ ከገባ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደማይቀየር አስጠነቀቃት።

አባቷ ያን ማታ አጠገቧ ተቀምጠው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚበቃቸውን ለማወቅ፣ ስንት ተናግሬያለሁ ብለው ነበር። መልሱን ያን ጊዜም ታውቀው ነበር።

«ትንሹን» አለችው።

የተረፈውን ገንዘብ በመሀረቧ ጫፍ ቋጠረች። ከዚያ ወደ ቤት ሳትመለስ ወደ መኪና መናኸሪያው ወረደች። በደብተሯ ውስጥ ጠዋት የጻፈችው አራት ገጽ ወረቀት ነበር። ከሰብሌ መጽሐፍ ቀጣይ ምዕራፍ ውስጥ ስድስት ጥያቄ መርጣ ደረጃ በደረጃ ሠርታዋለች፤ ሰብሌ የምትስትባቸውን ቦታዎች በቀይ አክብባለች። በላይኛው ጫፍ ላይ ከሱቁ እንደወጣች የጥቅሉን ማነስ ጨምራበት፣ ከእንግዲህ በወረቀት እንላላካለን፣ አንቺም ሠርተሽ ላኪልኝ፣ እንዲያውም የት እንደምትሳሳቺ በደንብ ይታየኛል ብላለች።

የወግዲን መስመር የሚሠራው ሹፌር ንጉሡ መኪናው ላይ ጆንያ እያስጫነ ነበር። የሰብሌን አባት እንደሚያውቃቸው፣ ከግብርና ቢሮው ፊት ለፊት እንደሚያልፍ ነገራት። ወረቀቱን ተቀብሎ ሲያገላብጠው ደብዳቤ መሆኑን ጠየቃት።

«ሂሳብ ነው» አለችው።

ልትሄድ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ተመለሰችና ለአንድ አፍታ ወረቀቱን እንዲሰጣት ለመነችው። ንጉሡ ገና ሦስት ሰው ይቀረኛል፣ ቶሎ በዪ አላት።

መድና ወረቀቱን መኪናው ጎን ላይ ዘርግታ መጀመሪያውን መስመር አነበበችው። ‹ጥቅሉ ስላነሰ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አልደውልም› ይላል። ውሸት አልነበረበትም። ሰብሌ ታነበዋለች፣ ይገባታል፣ የመድናንም አባት እንደገና ታመሰግናለች።

እስክሪብቶዋን አወጣች። ወረቀቱ ላይ የተረፈው ቦታ ጠባብ ስለነበር ከሥሩ በደቃቁ ጻፈች፤ ‹አባ አልፈቀዱልኝም ነበር። ሳላስፈቅድ ነው የምደውልልሽ የነበረው። አንቺንም ዋሽቼሻለሁ። የሆነውን ሁሉ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ።›

አንብባው አጠፈችው፣ ለንጉሡም ሰጠችው።